ሲልቨር ስፕሪንግ ኮንዶ ወይስ ጀርመንታውን ታውንሃውስ? የእቁብ ገንዘብና የኡበር ገቢስ ለሞርጌጅ ይሆናል?

ባለታክሲው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የእሷ ደሞዝ በዓመት 48 ሺህ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ በመጪው ሴፕቴምበር አንደኛ ክፍል ትገባለች። የእናቴም የግሪን ካርድ ጉዳይ ወደ መጨረሻው ደርሷል፤ ስትመጣ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይተን ነው ያለነው፤ ኪራዩ በታደሰ ቁጥር ስለሚጨምር ቤት መግዛት አለብን ብለን ተነስተናል።

ሁለት ቤት ዓይናችን ገብቷል። አንዱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ 2 መኝታ ኮንዶ፣ 235 ሺህ ዶላር፣ የኮንዶ ክፍያው በወር 780። የሻጩ ኤጀንት «ፐርፕል ላይን (አዲሱ የባቡር መስመር) አጠገቡ ነው የሚያልፈው፣ ዋጋው ገና ይሰቀላል» ይላል። ሌላው ጀርመንታውን፣ ባለ 3 መኝታ ታውንሃውስ (ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ባለ ፎቅ ቤት)፣ 420 ሺህ፣ ኤችኦኤው (የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ክፍያ) በወር 115። ባለቤቴ ታውንሃውሱን ወዳዋለች፣ እኔን ዋጋው አስፈርቶኛል።

ባንክ 14 ሺህ አለን። ሌላ የ30 ሺህ እቁብ አለኝ፣ በካሽ ነው የምንጥለው፣ ዕጣዬ ገና አልወጣም። ሲወጣልኝ ባንክ አስገብቼ ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያው) ላደርገው አስቤ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ግን «እንዳለ ካስገባኸው ይጠይቁሃል፣ እየከፋፈልክ አስገባ» አለኝ። ገቢዬም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ በ2024 ከኡበር ያገኘሁት 62 ሺህ ነው፣ አካውንታንቱ ማይሉንም ምኑንም ቀናንሶ ታክሱ ላይ የቀረው 31 ሺህ። ያኔ ታክስ ስለቀነሰልኝ መርቄው ነበር።

የቱ ይሻላል ትላላችሁ? ያለፋችሁበት ምከሩኝ።

ከተራራው ማዶ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ፍሬድሪክን እለፍና ወደ ሀገርስታውን ውጣ። በኮንዶው ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረህ ግቢ ያለው ቤት ታገኛለህ። ጎመንና ቃሪያ ተክያለሁ፣ ልጆቼ ውጭ ይሮጣሉ። መንገዱ ነው እንጂ ችግሩ፤ የ270 አውራ ጎዳና ጠዋት ጠዋት ያው የምታውቀው ነው። እኔ ሌሊት ፈረቃ ስለሆንኩ አይነካኝም።

ሦስተኛ ፎቅ

ኮንዶ አትፍራ የምል ሰው ነኝ። በረዶ አልጠርግም፣ ጣሪያ አያፈስብኝም፣ ባለሱቁም ሐኪሙም በእግር ነው። ቡናውን በኤሌክትሪክ ነው የማፈላው፣ በረንዳ ላይ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው፤ እሱንም ለመድኩት። ቅሬታዬ አንድ ነው። በ2021 ስገዛ ወርሃዊው ክፍያ 510 ነበር፣ አሁን 690 ገብቷል። ስብሰባ ላይ ስንጠይቅ «ሕጉ ነው» ይሉናል። ምን ሕግ እንደሆነ የሚያስረዳ የለም።

ቁልፍ ያዥ

ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ነው፣ ፈቃዴም የሜሪላንድ ነው። ስለዚህ የምለውን የደላላ ቃል ነው ብላችሁ እንደፈለጋችሁ ቀንሱለት።

ባለታክሲው፣ ከቤቶቹ በፊት እቁቡን እንጨርስ። የጓደኛህን ምክር በፍጹም እንዳትሰማ። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ካሽ ስታስገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይሄ ተራ የወረቀት ሥራ ነው፣ ማንም አያስርህም። ያንን ሪፖርት ለመሸሽ 9 ሺህ፣ 9 ሺህ እያደረግክ ብታስገባ ግን መከፋፈሉ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ገንዘቡ የላብህ ዋጋ መሆኑ አያድንህም።

ሌንደሩ (አበዳሪው) የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያለፉትን ሁለት ወራት የባንክ ስቴትመንትህን ያነባል፤ ከገቢህ ጋር የማይሄድ ትልቅ ብር ገብቶ ካየ «ከየት መጣ?» ይላል። እዚህ ላይ የሐበሻ ደንበኞቼ የሚያስገርሙኝ ነገር አለ። ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ ይመኛል፤ ቤት ለሚገዛ ሰው ግን የሚሻለው የመጨረሻው ነው። ዕጣህ ቶሎ ከወጣ ገና ያልጣልከው ሁሉ ዕዳ ነው፣ የብድር ማመልከቻው ላይ ደግሞ ዕዳህን በሙሉ አሳውቀህ ነው የምትፈርመው። መጨረሻ ላይ ከወጣ ግን የገዛ ቁጠባህ ነው፣ ለማንም የምትመልሰው ዕዳ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በካሽ አትጣል፣ በቼክ ወይም በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያው) ይሁን፤ ገንዘቡ ከአንተ አካውንት እንደወጣ ይታይ። ከጸሐፊው የመዝገቡን ቅጂ ጠይቅ፣ ዳኛው ይፈርምበት። አንዳንዱ ሌንደር ይሄን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሰማህም፤ ከማመልከትህ በፊት ሎን ኦፊሰሩን (የአበዳሪውን የብድር ሠራተኛ) በግልጽ ጠይቀው። «ከአጎቴ የተሰጠኝ ነው በል» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ጥለኸው ውጣ። የስጦታ ደብዳቤ ላይ «የማይመለስ ነው» ተብሎ ነው የሚፈረመው፤ ውሸት ከሆነ ብድር ማጭበርበር ነው።

ገቢህን በተመለከተ። ለሌንደሩ 62 ሺህ የሚባል ነገር የለም፣ ገቢህ 31 ሺህ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሁለት ዓመቱን አማካይ ነው የሚይዘው። ነገር ግን የማይል ቅናሹ (ለሥራ ለነዳኸው ማይል ታክሱ ላይ ከገቢህ የሚቀነሰው) ውስጥ የመኪናው እርጅና አብሮ አለ። የ2024 ተመን በማይል 67 ሳንቲም ነበር፣ ከዚያ ውስጥ 30ው ሳንቲም የእርጅና ነው። እሱ ከኪስህ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ ተመልሶ ገቢህ ላይ መደመር ይችላል። 40 ሺህ ማይል ነድተህ ከሆነ 12 ሺህ ዶላር ነው፤ 31 የነበረው 43 ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ሎን ኦፊሰር ይሄን ሳይነገረው አይሠራውም። ስታናግረው «የማይሌጅ ዲፕሪሲዬሽን ትደምራለህ?» በለው። ካፈጠጠብህ ሌላ ፈልግ። ማይልህን መዝግበህ መያዝህን ግን እርግጠኛ ሁን፣ የታክስ ፎርሙ ላይ ተሞልቶ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ቤቶቹ። ሰው 235 እና 420 ሲያይ ልዩነቱ 185 ሺህ ይመስለዋል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት፣ 100 ሺህ ዶላር ብድር በወር 632 ዶላር ያስከፍላል። በዚህ ሂሳብ 780 ዶላር የኮንዶ ክፍያ የ123 ሺህ ብድር ወርሃዊ ክፍያ ነው። የታውንሃውሱ 115 ደግሞ የ18 ሺህ። ስለዚህ እያወዳደርክ ያለኸው 358 ሺህን (235 ሲደመር 123) ከ438 ሺህ (420 ሲደመር 18) ጋር ነው። ያውም ብድሩ አንድ ቀን ያልቃል፣ የኮንዶ ክፍያ አያልቅም። በሌላ በኩል 780ው ውስጥ ውሃ፣ ጋዝ፣ ማሞቂያ ሊኖር ይችላል፤ የሚያካትተውን ጠይቅ።

ሦስተኛ ፎቅ የጠየቅሽው ሕግ ይሄ ነው። በ2021 ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ ላይ አንድ የኮንዶ ሕንፃ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ሜሪላንድ በ2022 ሕግ አወጣች፤ ኮንዶዎች በየ5 ዓመቱ ጣሪያቸው፣ ሊፍታቸው፣ ቧንቧቸው መቼ እንደሚያረጅና ምን ያህል መጠባበቂያ እንደሚያስፈልግ በባለሙያ እንዲያስጠኑ፣ ገንዘቡንም እንዲያጠራቅሙ። ለዓመታት ክፍያውን ዝቅ አድርገው ነዋሪውን ሲያስደስቱ የኖሩ ሕንፃዎች አሁን የኋላውን እየከፈሉ ነው። ክፍያሽ ስለጨመረ ቦርዱን አትርገሚው፤ እኔ የምፈራው ያልጨመረውን ሕንፃ ነው።

ባለታክሲው፣ ኮንዶውን ከመረጥክ የመጠባበቂያ ጥናቱንና የቦርዱን ቃለ ጉባኤ አንብብ። ሜሪላንድ ውስጥ የኮንዶ ሰነዱ ከደረሰህ በኋላ ውሉን ያለ ምክንያት የምታፈርስበት 7 ቀን አለህ፤ ሰው ያንን ሳምንት መጋረጃ ሲመርጥ ያሳልፈዋል። በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስ በሚሆንለት) ብድር ልትገዛ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃው ራሱ መጽደቅ አለበት፣ ብዙዎቹ አልጸደቁም። ፐርፕል ላይን? 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ፣ ቁፋሮው በ2017 ተጀመረ፣ በ2022 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አሁን የሚባለው 2027 መጨረሻ ነው። ሻጩ ባቡሩን ዋጋው ውስጥ ካስገባው ቆይቷል። በእሱ ተስፋ አትግዛ።

ታውንሃውሱ ላይ ብዙ ሐሳብ አለኝ። በኤፍኤችኤ 3.5 በመቶ ብታስቀምጥ 14,700 ነው፤ ባንክ ካለህ ጋር ይቀራረባል፣ ክሎዚንጉ (ውሉን ስትዘጋ የሚከፈለው ወጪ) ግን ሌላ ነው። ሜሪላንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዛ ከሆነ የስቴቱ የዝውውር ታክስ ግማሹ ይቀራል፣ የቀረውን ሻጩ ይከፍላል። የሜሪላንድ ሞርጌጅ ፕሮግራም የዳውን ፔይመንት እርዳታም ጠይቅ፣ የገቢ ጣሪያ አለው። ብድሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ታክሱ፣ ኤችኦኤው ተደምሮ በወር ወደ 3,400 ይጠጋል። በአንተ 31 ሺህ ከሄድን አይሞከርም፤ በ43ቱ ጠበብ ብሎ ይሆናል። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ታክስ አትመን። የድሮው ባለቤት ለዓመታት የኖረበት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባለው ቅናሽ ይዞለታል፣ አንተ ስትገዛ እሱ ይነሳል። ካውንቲው ድረ ገጹ ላይ ለገዢ የሚሆነውን ግምት ያሳይሃል። ከገባህ በኋላም ሆምስቴዱን አንድ ጊዜ ማመልከት አለብህ፣ በራሱ አይመጣም።

እናትህን ደግሞ አስብ። ባለ 3 ፎቅ ታውንሃውስ ውስጥ መኝታው ሁሉ ላይ ነው፣ ኩሽናው መሃል፣ ታች ጋራዥ። ጉልበታቸውን እያመማቸው ለሽንት ቤት ደረጃ መውጣት መውረድ አቅቷቸው ክረምቱን ቤት ውስጥ ታስረው የቀሩ እናቶች አሉ። ታች ሙሉ መታጠቢያ ከሌለው ያ ቤት ለእሷ ቤት አይደለም። ልታሰሩት ብታስቡ እንኳ የፍሳሽ መስመሩ ታች መድረሱን ኢንስፔክተሩን አስጠይቁ።

ባለቤትህ እንጀራ እቤት ነው የምትጋግረው? ከሆነ ቤት ስታዩ ግራናይቱን ትታ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ትክፈተው። ምጣዱ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 15 አምፕ መስመር የሚችለው 1,800 ነው፤ እዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ካለ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ መብራቱ ድርግም ነው። 20 የሚል ብሬከር፣ ለብቻው የሆነ፣ ይፈለግ። ከምድጃው በላይ ማይክሮዌቭ ካለ ደግሞ ማራገቢያውን አብሩና እጃችሁን ከላይ ከበሩ ጫፍ ላይ አድርጉ። ነፋሱ እጃችሁ ላይ ከመጣ ጭሱ ወደ ውጭ አይወጣም ማለት ነው፤ የሽንኩርቱ ቁሌት እስከ መኝታ ቤት ይወጣላችኋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ሁለተኛ ኩሽና የሚሠራው፤ ፈቃድ አውጥቶ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ቤዝመንት ካነሳን፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ የራዶን (ከመሬት የሚወጣ ሽታ የሌለው ጎጂ ጋዝ) ምርመራ ግዴታ ነው። ውጤቱ በሊትር ከ4 ፒኮኪዩሪ (pCi/L) በላይ ከሆነ ሻጩ ማስወገጃውን እንዲያስገባ ተደራደር። ቤዝመንት የሚያድሩት ልጆች ናቸውና ቸል አትበሉት።

አንተን ብሆን ኮንዶውን እተወዋለሁ፤ አምስት ሰው በ2 መኝታ ጠባብ ነው፣ ከዓመት በኋላ መሸጥ ታስባለህ፣ የመሸጫው ወጪ ያተረፍከውን ይበላዋል። ታውንሃውሱንም ዛሬ አልፈርምበትም። መጀመሪያ ሎን ኦፊሰር አናግር፣ ወረቀትህን አስተካክል። የዚያ ዓይነት ቤት ሁሌም ይወጣል።

ድሮ ተቃጥያለሁ

ኤጀንት ሲመክር ደስ ይላል፤ ስትገዛ ነው እንጂ ዝም ስትል አይከፈለውም። እኔን አንዱ ገና ቤት ሳላይ ስድስት ወር አስፈርሞኝ ነበር። የገዛ ወገኔ!

ቁልፍ ያዥ

እውነትህን ነው፣ የምንበላው በፐርሰንት ነው። ውሉ ግን አሁን ግዴታ ሆኗል፤ ከኦገስት 17, 2024 ጀምሮ የአገር አቀፉ የሪልተሮች ማኅበር በፍርድ ቤት ክስ በደረሰበት ስምምነት መሠረት ቤት ከማሳየታችን በፊት በጽሑፍ መፈራረም አለብን። ክፍያችን ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሩ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፣ ሻጩ ካልከፈለ አንተ ልትከፍል ነውና። ስድስት ወር ግን ማንም አላስገደደህም። የአንድ ቤት ወይም የሁለት ሳምንት ውል መፈረም ይቻላል። ኤጀንቱ እምቢ ካለ ሻይህን ጠጥተህ ተነሣ። በአማርኛ ስላወራን ብቻ አንፈራረም፤ የሠርግ ጥሪ አይደለም።

ባለታክሲው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ እንዲህ ተብራርቶ የነገረኝ የለም። ለአካውንታንቱ ዛሬውኑ ደውዬለታለሁ፤ የ2024 ማይል 41 ሺህ ነው አለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ጀርመንታውን ሐበሻ የበዛው የቱ ጋ ነው? ሰፈሩስ ሰላም ነው? እናቴ ስትመጣ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።

ቁልፍ ያዥ

ይሄን ጥያቄ በሳምንት ውስጥ የማልጠየቅበት ቀን የለም፣ እኔ ግን መመለስ አልችልም። ቀልድ አይደለም። በ1968ቱ የፌር ሃውሲንግ ሕግ ኤጀንት ገዢን በዘር፣ በመጣበት አገር፣ በሃይማኖት ወደዚህ ሰፈር ሂድ፣ ወደዚያ አትሂድ ማለት አይፈቀድለትም። «የእነ እገሌ ሰፈር ነው» ካልኩ ፈቃዴ ሊነጠቅ ይችላል፤ ከወገን ለወገን መሆኑ ለውጥ የለውም። «ሰላም ነው» ማለትም አልችልም። የካውንቲው ፖሊስ የወንጀል ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ለራስህ እየው። የልጅህን ትምህርት ቤት ደግሞ ሻጩ በነገረህ አትወስን፤ የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን አስገብተህ የትኛው እንደሚደርሳት አረጋግጥ፣ ወሰን ይቀየራል።

የማልከለከለው ምክር ይሄ ነው፦ ቅዳሜ ማታና እሁድ ጠዋት ሂድ። መኪናህን አቁመህ ቁጭ በል። የምትሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስንት ደቂቃ ነው? እናትህ መንጃ ፈቃድ የላትም፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው የቱ ጋ ነው፣ የእግረኛ መንገድስ አለው? ኤርፖርት ተሰልፈህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ከጀርመንታውን ሬገን ኤርፖርት ባዶ መኪና መንዳት ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ይሄን ከእኔ የተሻለ አንተ ታውቃለህ።

መኪናዬን መልሱ

ፓርኪንግ ያነሳ የለም ወይ?! ታውንሃውስ ስትገዛ መጀመሪያ ፓርኪንጉን ጠይቅ። ባለፈው ዓመት የልጄን ክርስትና ቤት ደገስን። ቁጥር ያለው ቦታ ሁለት ብቻ ነው የሰጡን፣ ለእንግዳ አንዲት ወረቀት። ሰው ገና ጠላ እየቀመሰ ሳለ ጎረቤቴ መጥቶ «መኪኖች እየተጎተቱ ነው» አለኝ። ስወጣ የክርስትና አባቱ ቶዮታ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንጋጣ እየሄደች ነው። ሦስት መኪና ወሰዱ፤ ጎታቹን ያዘዘው ኤችኦኤው ነው። እንግዶቼን ሁሉ ለማድረስ ሌሊቱን ስመላለስ አደርኩ።

ቁልፍ ያዥ

ሳላነሳው ቀርቼ ነበር፣ ተባረክ። የኤችኦኤው ሰነድ ውስጥ የፓርኪንግ ደንብ አለ፤ እሱን ሰነድ ከተቀበልክ በኋላም ሜሪላንድ ላይ ውሉን የምትሰርዝበት 5 ቀን አለህ። ባለታክሲው፣ ሌላም ነገር እዚያው ፈልግ፦ አንዳንድ ኤችኦኤ የንግድ ምልክት ያለበት መኪና ሌሊት እንዲያድር አይፈቅድም። የኡበር ተለጣፊህ ስለሚነሳ አያሳስብህም፤ ታርጋህ የሊሞ ከሆነ ግን ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ አስመልሳቸው።

ባለታክሲው

ታርጋዬ የግል ነው፣ ተመስገን። እቁቡን በተመለከተ ዳኛውን አናገርኩት፤ መጨረሻውን ዕጣ ውሰድ ብሎ በደስታ ተቀበለኝ፣ የሚሻማው አንድም ሰው የለም። በኖቬምበር ነው የሚያልቀው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በዜል እጥላለሁ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፦ እስካሁን የጣልኩት በካሽ ነው፣ እሱስ?

ቁልፍ ያዥ

ካሹን ከባንክ አውጥተህ ነው የምትጥለው ወይስ ከእጅህ? ከባንክ ከሆነ ስቴትመንቱ ላይ በየሳምንቱ የወጣው ይታያል፤ ከመዝገቡ ጋር ቀኑን አስተያይተህ አንድ ገጽ ላይ ጻፈው። ከእጅህ ከሆነ ለሎን ኦፊሰሩ ከወዲሁ ንገረው፤ ኖቬምበር ላይ አትንገረው። ከፈለግክ በግል መልእክት ጻፍልኝ፣ ምንም አትፈርምም።